ትንሽዬ የራስ ቤት ወሎ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴም ከኮምቦልቻም ከወልድያም፣ ከደላንታ ሳይቀር ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚ ሰብስቤ እዚሁ ልመልሰው። የማወራው ከ15 እስከ 35 ካሬ ስለሆነ ቤት ነው፣ ላጤ ወይ ባልና ሚስት፣ ግፋ ቢል ከአንድ ልጅ ጋ የሚኖሩበት። ዋጋ አልጽፍም፣ ሲሚንቶና ፌሮ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ እየሆነ ምኑን ልጻፈው፤ መጠኑን እነግራችኋለሁ፣ ሂሳቡን በሰሞኑ ዋጋ እራሳችሁ ምቱት።

ቲክቶክ ላይ የማየው ጎማ ያለው ቤት እኛ ጋ ይሠራል ወይ?

ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ብታሠሩ ይሠራል፣ ግን ለምን? አሜሪካኖቹ ቤቱን ተጎታች ላይ የጫኑት ስለሚያምር አይደለም እኮ። ብዙ ከተማቸው ውስጥ ቤት ከዚህ ማነስ የለበትም የሚል ደንብ ስላለ ጎማ ከገባበት ተሽከርካሪ ነው ተብሎ ይታለፋል ብለው ነው የጀመሩት፣ ስፋቱም 2 ሜትር ከ60 አካባቢ ላይ የቆመው ያለ ልዩ ፈቃድ አስፋልት ላይ መሄድ የሚቻለው እስከዛ ስለሆነ ነው። በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. እነሱ ጋ የወጣው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ (ኮድ) ስለ ትናንሽ ቤቶች አንድ አባሪ ጨመረ፣ ቆጡ ሳይቆጠር 37 ካሬና ከዛ በታች የሆነ ቤት መሬት ላይ መሠረት ይዞ እንዲሠራ አባሪውን የተቀበለ አካባቢ ሁሉ ፈቀደ።

እኛ ጋ አንድ ክፍል ሰርቪስ መሥራት ከድሮም ያለ ነው፣ ማንም ጎማ ግጠምበት አላለንም። ደሞ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቤት ጎትቶ የሚወጣውን ሰው እኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ከነሱ የሚወሰደው ሌላ ነው፣ ከአልጋ ሥር መሳቢያ፣ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ቆጥ። እሱም ቢሆን ላስታ ላይ ያሉትን ክብ የድንጋይ ቤቶች ላየ ሰው ብርቅ አይደለም፣ ባለ ሁለት ደርብ ሆነው መሬት ላይ የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው፣ ደረጃው በውጪ በኩል ስለሆነ የውስጡን ቦታ አይበላም። ይቺን ዘዴ ኮርጁ።

ስንት ካሬ ይበቃኛል?

አብዛኛው ሰው 4 በ 6 ይለኛል፣ ጥሩ ልክ ነው። ግን 24 ካሬ አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ ምክንያቱም እሱ የውጪው ልክ ነው። ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ከሠራችሁት ውስጡ 3.60 በ 5.60 ይሆናል፣ 20 ካሬ ማለት ነው። 50 ሳንቲ ውፍረት ባለው የድንጋይ ግንብ ከሠራችሁት ደሞ 3 በ 5፣ ማለትም 15 ካሬ ብቻ ይቀራችኋል፣ ከቤታችሁ ከአንድ ሦስተኛ በላዩን ድንጋዩ ወሰደው። ትልቅ ቤት ላይ ይሄ አይታወቅም፣ ትንሽ ቤት ላይ ግን አልጋ ይገባል አይገባም የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ውስጥ ለውስጥ ለመከፋፈል ብሎኬት አትጠቀሙ የምለው፣ ችፑድ ወይ ቁምሳጥኑ ራሱ ይከፋፍለው፣ አለበለዚያ መጋረጃም ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው።

ዲዛይኑን ከምን ልጀምር፣ የግድ አርክቴክት ያስፈልጋል?

አርክቴክት ከተገኘ ደስ ይላል፣ በተለይ ፈቃድ ለማውጣት ፕላን ስለሚያስፈልጋችሁ። ከሱ በፊት ግን የራሳችሁን ሥራ ሥሩ። ሜዳ ላይ በአመድ ወይ በኖራ የቤቱን ልክ በእውነተኛ መጠኑ አስምሩና ውስጡ ግቡ። አልጋውን አስምሩ፣ 1.20 በ 1.90። በሩ ሲከፈት የት ድረስ እንደሚመጣ አስምሩ። ሰው የሚተላለፍበት ቢያንስ 70 ሳንቲ፣ ሊጥ የያዘ ሰው የሚያልፍበት ከሆነ 90። ማድቤት ውስጥ የምትሠሩበት ጠረጴዛ 60 ሳንቲ ጥልቀት ይኑረው፣ ከፍታው 85 እስከ 90፣ ግን ማን ነው የሚሠራበት? እናታችሁ አጭር ከሆኑ በሳቸው ልክ ነው የሚሠራው እንጂ ካታሎግ ላይ ባለው አይደለም።

ከዛ አንድ ቀን ሙሉ በሐሳባችሁ ኑሩበት። ጠዋት ተነስቶ ፊት መታጠብ፣ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማስጣት፣ ሰግዶ ወይ ጸልዮ መውጣት፣ ቡና፣ እንግዳ፣ መተኛት። የሚጋጨው እዛ ጋ ይታያችኋል፣ አመድ መጥረግ ደሞ ግንብ እንደማፍረስ አይደለም። ፎቶ አይታችሁ አትጀምሩ፣ ፎቶው ላይ ምጣድ የለም፣ በርሜልም የለም፣ የጤፍ ኬሻም የለም።

እንግዳ ሲመጣስ? ወሎ ውስጥ ያለ እንግዳ ቤት አለ እንዴ?

ይሄን የሚጠይቁኝ በብዛት ሴቶች ናቸው፣ ልክ ናቸው። መልሱ ቤቱን ማሳደግ ሳይሆን ደጁን ማሳደግ ነው። ጣራውን በፊት ለፊት በኩል 1.80 ወይ 2 ሜትር አውጡትና በረንዳ አርጉት፣ በግድግዳው ርዝመት ሙሉ 45 ሳንቲ ከፍታ ያለው መደብ በድንጋይ ወይ በብሎኬት ሥሩ፣ ላዩን ለስኑት፣ ምንጣፍ ወይ አጎዛ ጣሉበት። 6 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ላይ አሥር ሰው ይቀመጣል፣ ሰደቃም ይሁን ማኅበር ይወጣዋል። በረንዳ ግድግዳ ስለሌለው ከውስጥ ክፍል በጣም ነው የሚረክሰው፣ ስለዚ ብራችሁ እዚ ጋ ሩቅ ይሄዳል። የሚያድር እንግዳ ከሆነ ውስጥ ያለውን መቀመጫ አልጋ የሚወጣው አርጋችሁ ሥሩት፣ ከሥሩ የብርድ ልብስና የፍራሽ ቦታ ይኑረው።

ማድቤቱም ከተቻለ ውጪ ይሁን፣ ቢያንስ ምጣዱና ማገዶው። ጭስና እንፋሎት በ20 ካሬ ውስጥ ገብቶ የት ይሂድ፣ ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው።

ቡና በከሰል ማፍላትስ?

እዚ ጋ ቀልድ የለም፣ ደህና አርጋችሁ አንብቡት። ከሰል ሲቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ጭሱ ጠፋ ፍሙ ቀላ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ትንሽ ቤት ውስጥ አየሩም ትንሽ ነው፣ 20 ካሬ በ2 ሜትር ከግማሽ ከፍታ 50 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። አቦል ቶና በረካ እስኪባል ረጅም ሰዓት ነው፣ ደሴ ላይ ደሞ ብርዱ ሲጠና በርና መስኮት ገርበብ አርጎ መቀመጥ ይወዳል ሰው።

ስለዚ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ትይዩ በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች ላይ መስኮት ይኑር፣ ከጣራው ሥር ደሞ ሁሌ ክፍት የሆነ፣ ወንፊት የተገጠመለት የአየር መውጫ ተዉ፣ ብርድ ይገባል ብላችሁ ጨርቅ አትወትፉበት። ከሰል ለኩሶ ለሙቀት ብሎ አስቀምጦ መተኛት በጭራሽ አይሆንም፣ በየዓመቱ ሰው የምናጣበት ነገር ነው። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ ዕጣኑ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ወዲያው ሁላችሁም ውጪ ውጡ። ቆጥ ላይ የሚተኛ ሰው ካለማ ሞቃቱ አየር ይዞት የሚወጣው ወደሱ ስለሆነ እሱ እያለ ከታች ከሰል አይለኮስም።

ቆጥ ለመሥራት ጣራው ምን ያህል ከፍ ይበል?

የአሜሪካኖቹ ያ አባሪ ለመኖሪያ ክፍል ቢያንስ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ከፍታ ይላል፣ እኔ 2.10 እላለሁ፣ ረዥም ዘመድ አይጠፋም። ቀላሉ መንገድ ጣራውን ወደ አንድ በኩል ብቻ ማዘንበል ነው፣ ባንዱ በኩል ግድግዳው 4 ሜትር በሌላው 2.50። ቆጡን ከፍ ባለው በኩል 2 ሜትር ስፋት ሰጥታችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ከሥሩ ቆማችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከላይ ደሞ በግድግዳው በኩል ጎንበስ ብሎ መቆም ይቻላል፣ በጫፉ በኩል መቀመጥ። ዝቅ ያለውን ጎን ንፋስ ወደሚመጣበት አዙሩት፣ 4 ሜትሩን ግድግዳ ለንፋስ አትስጡት። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ግን ቆጥ መኝታ አይሆንም፣ ሙቀቱ ሁሉ እዛ ነው የሚጠራቀመው፣ ዕቃ አስቀምጡበት። አሮጊት ያለበት ቤት ላይም መሰላል አታስቡ።

መሬቴ ዋልካ ነው፣ ጎረቤት ቤቱ ተሰነጣጥቋል፣ ምን ይሻላል?

ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቤቱን በዓመት አንዴ ከፍ ዝቅ እያረገው ነው ማለት ነው። ስንጥቁ ሁሌ ከበርና ከመስኮት ጥግ የሚጀምረው ለዛ ነው። እንዴት አውቃለሁ ካላችሁ በጋ ላይ መሬቱን እዩት፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሄው ጥቁሩ አፈር አልቆ ሌላ መልክ ያለው ጠንካራ አፈር እስኪመጣ መቆፈር ነው፣ ለመሠረቱ ብቻ ሳይሆን ከወለሉ ሥር ያለውንም ማውጣት ነው። ከዛ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት የሙሌት አፈር) እየሞላችሁ በየ20 ሳንቲው ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁት። ሰው እዚ ጋ ነው የሚሰስተው፣ አንድ ሜትር ሞልቶ ከላይ አንዴ ይረግጥና ጨርሻለሁ ይላል፣ ከዛ በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ይሰምጣል። የቆፈራችሁትን ጥቁር አፈር መልሳችሁ አትሙሉበት፣ ለጓሮ ጎመን አርጉት። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጪ ያዘነበለ አርማታ ወይ ንጣፍ ድንጋይ ይኑር፣ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መሠረቱ አጠገብ እንዳይጠጣ። ባህር ዛፍም ከግድግዳው አጠገብ አትትከሉ፣ ውሃውን እየመጠጠ አፈሩን ያኮማትረዋል።

ትንሽ ቤት የሚያዋጣው እዚ ላይ ነው እንግዲህ፣ 24 ካሬ ሥር ያለን አፈር መለወጥ ይቻላል፣ 120 ካሬ ሥር ያለውን ግን ስንቱ ይችለዋል።

ተዳፋት ላይ ከሆነስ? ደሴ ሜዳ የት አለ?

እውነት ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠን ሜዳ ብንፈልግም አናገኝም። ተዳፋት ሲስተካከል ግማሹ ይቆረጣል ግማሹ ይሞላል፣ ቤታችሁ የተቆረጠው ላይ ይረፍ፣ ሙሌቱ ላይ በረንዳና ግቢ አርጉት። ግማሹ የተቆረጠው ላይ ግማሹ ሙሌት ላይ ያረፈ ቤት መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ከቤቱ በላይ በኩል የውሃ ቦይ ይኑር፣ ከቦይ የሚወጣው ውሃ ደሞ ጎረቤት ግቢ ሳይሆን መንገዱ ቦይ ውስጥ ይግባ፣ ስንት ሰው በዚህ ተካሷል። ደጋፊ ግንብ ከሠራችሁ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዉለት፣ ግንብን የሚጥለው አፈሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የታቆረው ውሃ ነው።

ቦታ ስትገዙ ደሞ ዛፎቹና የመብራት ምሰሶዎቹ ወደታች ያዘነበሉ፣ ክረምት ላይ ድንገት ምንጭ የሚፈልቅበት፣ መሬቱ ላይ ግማሽ ክብ የሚመስል ስንጥቅ ያለበት ከሆነ እሱ መሬት እየተንሸራተተ ነው፣ በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት።

ጭቃ ይሻላል ብሎኬት ወይስ ድንጋይ?

እኔ ጭቃን አልንቅም። በደንብ የተሠራ የእንጨትና የጭቃ ቤት ለደሴ ብርድም ለኮምቦልቻ ሙቀትም ከብሎኬት የተሻለ ነው፣ ቀላልም ነው፣ መሬት ሲንቀጠቀጥም ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይደረመስም። መንቀጥቀጡ ደሞ ወሬ አይደለም፣ እኛ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን፣ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬና ማጀቴ ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰውን መንቀጥቀጥ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። በዛ ዓይነት ጊዜ አደገኛው በጭቃ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግንብ ነው። ድንጋይ የምትወዱ ከሆነ ለመሠረቱና ከመሬት እስከ 50 ሳንቲ ላለው ተጠቀሙት፣ ከላይ ቀለል ያለ ይምጣ።

ጭቃ ከሆነ ባህር ዛፉ በበጋ የተቆረጠ፣ የተላጠና የደረቀ ይሁን፣ ከነልጡ ከቆመ ነቀዝና ምስጥ ይገባበታል። ቋሚው መሬት ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ ድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ ዕድሜው ይረዝማል፣ የግድ ከተቀበረ ሥሩን የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋ ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይክረም፣ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚመጣው፣ ልስኑ ከዛ በኋላ። ቸኩሎ የለሰነ ሰው ልስኑ በሚቀጥለው ዓመት ይረግፍበታል። የጭቃ ቤት ጠላት ውሃ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም፣ ጣራው በሁሉም በኩል ቢያንስ 60 ሳንቲ ከግድግዳው ይውጣ።

ብሎኬት ከሆነ ሂሳቡ እንዲ ነው፣ አንድ ካሬ ግድግዳ ከብክነቱ ጋ 13 ብሎኬት ይፈጃል። የ4 በ 6 ቤት ዙሪያው 20 ሜትር፣ በ2.60 ከፍታ 52 ካሬ፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 46 ካሬ ገደማ፣ ስለዚ ወደ 600 ብሎኬት ማለት ነው፣ 1000 አምጡ የሚላችሁ ሰው ካለ ቀሪውን የት ሊወስደው እንደሆነ ጠይቁት። አራቱ ማዕዘን ላይ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ)፣ ከታች መሠረቱ ላይ የሚዞር የአርማታ ማሰሪያ፣ ግሬድ ቢም የሚሉት፣ ከላይ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚዞር ቶፕ ታይ ቢም ይኑር፣ ቤቱ ትንሽ ስለሆነ አያስፈልግም የሚል ግንበኛ ይመጣል፣ አትስሙት፣ ግድግዳዎቹን እንደ ቀበቶ የሚይዛቸው እሱ ነው። ወለሉ 10 ሳንቲ አርማታ ከሆነ 2 ሜትር ኩብ ነው፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ገደማ ያዙ፣ ቅልቅሉ 1 ሲሚንቶ ለ 2 አሸዋ ለ 3 ጠጠር ነው። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ውሃ የለም ብላችሁ የምትዘልሉት ከሆነ ሲሚንቶውንም አትግዙት፣ ያው ነው።

ኮንቴይነር ገዝቼ ቤት ላርገው?

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስላለ ይሄ ሐሳብ ይመጣል። ባለ 20 ጫማው ውስጡ 5.90 በ 2.35 ነው፣ 14 ካሬ አይሞላም፣ ሙቀት መከላከያ ስትለብጡበት ስፋቱ ወደ 2.20 ይወርዳል። ሳይለበጥ ደሞ ኮምቦልቻ ላይ ምጣድ ነው፣ ደሴ ላይ ሌሊት ውስጡ ጤዛ ያዝላል። ለሱቅ ይሁናችሁ።

ቆርቆሮ ስንት ጌጅ ልግዛ?

ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፣ 28 ከ32 ይወፍራል፣ 32 ደሞ ከ35። ሻጩ 35ን ትልቅ ቁጥር ነው እያለ ያሞኛችኋል። የ4 በ 6 ቤት ጣራ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ለመግዛት ልዩነቱ ያን ያህል አይጎዳም፣ በረዶና ንፋስ ላለበት ደጋ ቢያንስ 30 ወይ 28 በሉ። ሚስማሩ ላስቲክ ያለው ሆኖ በጉብታው ላይ ይመታል እንጂ በጎድጓዳው አይመታም። ወራጁ ከቶፕ ታዩ ጋ በብረት ይታሰር፣ ጣራ የሚነቀለው ከሥር ገብቶ በሚያነሳው ንፋስ ነው። ኮርኒስ ደሞ ቅንጦት አይደለም፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ያለ ኮርኒስ እርስ በርስ አትሰማሙም።

መስኮቱ ወዴት ይሁን?

ደሴ፣ ኩታበር፣ ደላንታ ወይ ወረኢሉ ከሆናችሁ ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብና ምሥራቅ አርጉት። ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምትሄደው፣ ታኅሣሥ ላይማ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ከ60 ዲግሪ በታች ናት፣ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ታሞቅላችኋለች። ሰኔ ላይ ደሞ ወደ ሰሜን ዞራ ከአናት ስለምትሆን አትገባም። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ቆቦ ከሆነ ዋናው ነገር ምዕራብ ነው፣ በዛ በኩል መስኮት አታብዙ፣ የከሰዓቷ ፀሐይ ቤቱን አጋግላው ማታ ድረስ አይበርድም፣ ሽንት ቤቱን ወይ ቁምሳጥኑን በዛ በኩል አርጉት። ሁለት ትይዩ መስኮት ካለ ንፋሱ ራሱ ይሠራል።

ለአንድ ክፍል ቤትም ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሎት ነበር፣ በኮለኖች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትርና ከዛ በታች የሆነ ፎቅ የሌለው ቤት ምድብ ሀ ነበር፣ ከሦስቱ ቀላሉ። ግን ሕግም መመሪያም ስለሚሻሻል ከመቆፈራችሁ በፊት ከተማ ልማት ሄዳችሁ ምን ምን አምጡ እንደሚሏችሁ ጠይቁ። ገጠር ከሆነ የእርሻ መሬት ላይ ደብተር አለኝ ብሎ ቤት ማቆም አይቻልም፣ መጀመሪያ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጋ ነው። ጨረቃ ቤት ሠርቶ በኋላ ይስተካከላል የሚል ሰው ምክር አትስሙ፣ ግሬደር ሲመጣ እሱ አይኖርም።

እናቴ ግቢ ውስጥ ብሠራስ? ካርታው በሷ ስም ነው

ብዙ ወጣት እንዲ ነው የሚጀምረው፣ ጥሩም ነው፣ ቦታ የለም ተብሎ ከመቀመጥ። ግን የወጣው ብር ያንተ ቢሆንም ካርታው የሳቸው ስለሆነ ነገ እህት ወንድም ሲመጣ፣ ውርስ ሲነሳ፣ ደረሰኝ ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ነው የሚለው፣ ሰፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለዛ አይሆንም። እናትን ይሄን መጠየቅ ያሳፍራል ይሉኛል፣ ወንድሞችህ ፊት በቡና ላይ አንስተህ ሁሉም በተስማማበት ሄዶ መጻፍ ምኑ ያሳፍራል፣ ኋላ መካሰሱ ነው የሚያሳፍረው።

እራሴ በእጄ መሥራት እችላለሁ?

ግማሹን አዎ። ቁፋሮ፣ ገረጋንቲ መጠቅጠቅ፣ ምርጊት፣ ቀለም፣ መደርደሪያ፣ ችፑድ መከፋፈል፣ ይሄ ሁሉ ይቻላል፣ ምርጊቱንማ ጅጌ (ደቦ) ጠርታችሁ በአንድ ቀን መጨረስ ነው፣ ምሳና ቡና አዘጋጁ፣ ጠላ የማይጠጣም ስላለ ብርዝ ይኑር። ፌሮ ማሰርና አርማታ፣ የጣራው ማዋቀሪያ፣ ኤሌክትሪክ ግን ለባለሙያ ተዉት።

ቅየሳውን ራሳችሁ አረጋግጡ። 4 በ 6 ከሆነ ከጥግ ወደ ጥግ በሲባጎ ስትለኩ ሁለቱም 7 ሜትር ከ21 ሳንቲ መምጣት አለባቸው፣ ከተለያዩ ቤቱ ጠሟል፣ ጠማማ ቤት ላይ ደሞ ቆርቆሮውም ኮርኒሱም ሴራሚኩም በየተራ ያስቸግራችኋል። ከፍታውን ውሃ በተሞላ ነጭ ላስቲክ ቱቦ ለኩ፣ ግድግዳውን በቱምቢ፣ ግንበኛው ቢቆጣም ለኩ። ከግንበኛ ጋ የጉልበት ብቻ ውል ብትዋዋሉ እመርጣለሁ፣ ዕቃውን እናንተ ግዙ፣ ክፍያውም በሥራው ደረጃ እንጂ በቀኑ አይሁን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤቱ ይችለዋል?

ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይጎትታል፣ በ220 ቮልት 16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው፣ ይሄን በተራ ሶኬት አትሰኩት። ከብሬከሩ ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። አንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣዱም ፍሪጁም ተሰክቶ የተቃጠለ ቤት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ውሃና ሽንት ቤትስ?

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። ከነበረንዳው 35 ካሬ የሆነ ጣራ 10 ሚሊ ዝናብ ሲጥል 350 ሊትር ይወርድበታል፣ የሚባክነው ተቀንሶ 280 አይጠፋም፣ አንድ በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። አሸንዳ ግጠሙና የመጀመሪያውን ውሃ ጣራውን ካጠበ በኋላ ድፉት፣ ለልብስና ለጽዳት ይሆናል። ሽንት ቤት ጉድጓድ ከሆነ ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከሱ በታች በኩልም ይሁን፣ ጫፉ ላይ ወንፊት ያለው የአየር ቱቦ ከጣራ በላይ ይውጣ፣ ሽታውም ዝንቡም ይቀንሳል።

መቼ ልጀምር?

መሠረት ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ውሃውን እንደጨረሰ። ኅዳርና ታኅሣሥ የቀን ሠራተኛ አጨዳ ላይ ስለሚሆን ይጠፋል፣ ዋጋም ይጨምራል፣ ረመዳን ካለበትም ያንን አስቡ፣ ጾም የያዘ ሰው ከሰዓት አርማታ ማስቦካት ግፍ ነው። ጭድ ከውቂያ በኋላ ጥር ላይ ነው የሚረክሰው፣ ምርጊት ለዛ ጊዜ ይመቻል። በልግ የሚያገኘው አካባቢ ከሆናችሁ ግን የካቲት ሳይጋመስ ጣራው ይልበስ።

ብሬ መሃል ላይ ቢያልቅስ?

ያልቃል፣ የብዙ ሰው ያልቃል፣ ስለዚ ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል አውጡት። በኋላ ማስተካከል የማይቻለው ይቅደም፦ መሠረቱ፣ ከወለሉ ሥር ያለው ሙሌት፣ ኮለንና ቢሙ፣ ጣራው፣ የውሃ መውረጃው፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር የመብራትና የውሃ ቱቦ። ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የሚያምር በር፣ ጂፕሰም፣ ይሄ ሁሉ እየኖራችሁበት የሚመጣ ነው፣ ሊሾ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፎ መኖር ይቻላል፣ በሚያፈስ ጣራ ሥር ግን ሴራሚክ ምን ያረጋል።

ወደፊት ክፍል የምትጨምሩ ከሆነ አሁኑኑ የትኛው ጎን እንደሚያድግ ወስኑ፣ በዛ በኩል የሚመጣውን መስኮት በኋላ በር እንዲሆን ስፋቱን 90 አርጉት፣ ከላዩ ያለውም ቢም በዛው ልክ ይሁን። ከኮለኑ ወደ ጎን የሚወጣውን ፌሮ 60 ሳንቲ ያህል ተዉት፣ እንዳይዝግ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡትና በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ልጆች እንዳይወጉበት ጫፉን ቆልምሙት።